ለንደን ላይ አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ

በቅርቡ አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለንደን ሊሄድ ነው። ቪዛው ወጥቶለታል፣ ቲኬቱን ቆርጧል፣ ከድምፁ ደስታው ይሰማል። «አንተ ስትመላለስባት የኖርክ ሰው ነህ፤ እስቲ ንገረኝ፣ እንዴት ናት?» አለኝ። ወዲያው መልስ አልመጣልኝም። «ጥሩ ናት» አልኩት። ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ባቡር ካርዱ፣ ስለሚመች ጫማ አወራሁለትና ተሰነባበትን።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ከመጀመሪያው ጉዞዬ ስመለስ እንዲህ አልነበርኩም። ማንም ሳይጠይቀኝ ነበር የማወራው። የባቡሩን ብዛት፣ የሕንጻውን ዕድሜ፣ የሰዉን ጥድፊያ እያነሳሁ ሰው እስኪሰለቸው እተርክ ነበር። ዛሬ ከተማዋን ከዚያን ጊዜ ይልቅ እጅግ አብዝቼ አውቃታለሁ። የምናገረው ግን አጣሁ። ሰው ይበልጥ ያወቀውን ነገር መናገር እንዴት ያቅተዋል?

ለቀናት ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ። ወዳጄ የጠየቀኝ ስለ አንዲት ለንደን ነው። እኔ ውስጥ ያሉት ግን ብዙ ናቸው። የፈራኋት አለች፣ የተናደድኩባት አለች፣ የሰለቸችኝም አለች። ከሁሉም የቀረበችኝ ደግሞ ያቺ የሰለቸችኝ ናት። ይህን በስልክ ማስረዳት ከባድ ነው። እዚህ ልሞክረው።

## ሳላያት የናፈቅኳት

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ወደ ትልልቅ ከተሞች ሲመጣ ግን ይህ አባባል የሚሠራ አይመስለኝም። ለንደንን፣ ፓሪስን፣ ኒውዮርክን ሳናያቸው እንናፍቃቸዋለን። በፊልም አይተናቸዋል። በዜና ሰምተናቸዋል። ኳስ ስናይ የሰፈሮቻቸውን ስም ሳይቀር ሸምድደናል። አውሮፕላን ውስጥ የምንገባው ከተማዋን በሐሳባችን ሠርተን ጨርሰን ነው። እዚያ ስንደርስ የሠራናትና ያለችው ይጋጫሉ።

ግጭቱ አንዳንዱን ሰው እስከ መታመም ያደርሰዋል። ሂሮአኪ ኦታ በፓሪስ ይሠራ የነበረ ጃፓናዊ የአእምሮ ሐኪም ነው። በ1980ዎቹ (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለጉብኝት ፓሪስ የመጡ አንዳንድ የአገሩ ሰዎች ሲታመሙ አየ። ልባቸው ይመታል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ የሌለ ነገር የሚታያቸውም ነበሩ። ሁኔታው «የፓሪስ ሲንድረም» ተባለ። የጉዞው ድካም፣ የቋንቋው ችግር፣ የባህሉ ልዩነት ሁሉ አለበት። ከዚህ ሁሉ ጋር ግን በልባቸው ይዘዋት የመጡት ፓሪስና መንገድ ላይ ያገኟት ፓሪስ አልገጠሙላቸውም።

እኔ እስከዚያ አልደረስኩም። የእኔ ድንጋጤ ደስታ የተቀላቀለበት ነበር። ከዌስትሚንስተር የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ደረጃውን ወጥቼ ቀና ስል ቢግ ቤን እላዬ ላይ ቆሟል። ከሩቅ እያየሁት፣ ቀስ እያልኩ የምደርስበት ነበር የመሰለኝ። ማማው 96 ሜትር ነው። ከሥሩ ቆሞ ለሚያየው ግን ማለቂያ የለውም። የሰዓቱ ደቂቃና ሰዓት ቆጣሪ ዘንጎች ጥቁር ነበሩ። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ። ሰው እየገፋኝ ያልፋል፤ እኔ አንጋጥጬ ብቻዬን እስቃለሁ።

ደስታው እንዳለ ሆኖ ፍርሃቱም አብሮኝ ይዞር ነበር። ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አድርጌ ነው የምሄደው። ፓስፖርቴ መኖሩን በየደቂቃው እዳስሳለሁ። ተንቀሳቃሹ ደረጃ ላይ ሰው የሚቆመው በቀኝ ነው፤ ግራው ለሚቸኩል ይለቀቃል። እኔ ይህን ስላላወቅኩ በግራ ቆሜ ከኋላዬ ያለው ሰው «ይቅርታ» ሲለኝ የሰደበኝ መሰለኝ። ማታ ማታ ሰውነቴ ዝልፍልፍ ይላል። የሠራሁት ሥራ የለም። ስሄድና ሳይ ነው የዋልኩት።

ያንን ድካም የገለጸልኝ ኋላ ያነበብኩት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስታንሊ ሚልግራም ነው። በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ትልቅ ከተማ ሰው ሊያስተናግደው ከሚችለው በላይ ድምፅ፣ ፊትና ጉዳይ ያመጣበታል ይላል። ከተሜው የሚተርፈው እየመረጠ ነው። ይህን ያያል፣ ያንን ያልፋል። አዲስ መጪ ግን መምረጡን ገና አልተማረም። ማስታወቂያውን ሁሉ ያነባል። አምቡላንስ በጮኸ ቁጥር ይዞራል። ያኔ የቀረኝ ማስታወቂያ አልነበረም።

ከዚያ ጉዞ አንድ ነገር ልጨምር። ባቡሩ ውስጥ ያለው ጸጥታ በጣም ገርሞኝ ነበር። ያን ያህል ሰው ተጠጋግቶ ቆሞ ማንም ማንንም አያናግርም። ዓይን ለዓይን እንኳ አይተያዩም። «እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው!» ብዬ ነበር። ስመለስም ይህንኑ ነው ያወራሁት።

## ወርቁ ብር ሲሆን

እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ሲቆይ ብር፣ ሲሰነብት ብረት ይባል የለ? ስለ እንግዳው ነው የተባለው። አስተናጋጇ ከተማ በእንግዳው ዓይን ምን እንደምትሆን ግን የሚናገር ተረት አላውቅም። ለእኔ ለንደን ራሷ ብር ሆነች፤ ከዚያም ወደ ብረት መሄድ ጀመረች።

ደግሜ ስሄድ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደዚያው ወደ ዌስትሚንስተር ነው። ደረጃውን ወጣሁ፣ ቀና አልኩ። ማማው በብረት መወጣጫ ተጠፍንጓል። እድሳት ላይ ነበር። ደወሉ ከነሐሴ 2017 ጀምሮ ለልዩ ቀናት ካልሆነ በቀር ዝም ብሏል። እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። የሚታደስ ነገር መታደሱ ምን ያናድዳል? ግን ተናደድኩ። የእኔን ነገር ያለፈቃዴ የነኩብኝ ያህል ተሰማኝ።

ከዚያ በኋላ የሚያናድደኝ በዛ። ኦክስፎርድ ስትሪት ላይ ሰው ለሰው እየተጋፋ መሄድ። ፎቶ ለማንሳት መንገድ መሃል ቀጥ የሚል እንግዳ። ዕቃ የያዘ ሰው የማያሳልፈው የቲኬት መዝጊያ። ጠዋት ላይ ሦስት ባቡር አሳልፎ አራተኛው ላይ መሳፈር። የባቡሩ ጸጥታ ደግሞ መልኩን ለወጠብኝ። ያ «ጨዋነት» ያልኩት ነገር አሁን ቅዝቃዜ ሆነ። «ሰው አጠገባቸው ቢሞት ቀና ብለው አያዩም» እያልኩ ማማረር ጀመርኩ። ሰዎቹ ያው ናቸው። ዝምታውም ያው ነው። የተለወጠው የእኔ ፍርድ ነው።

ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ጌኦርግ ዚመል ይህንን በ1903 ጽፎታል። የሚኖረው በርሊን ነበር፤ በርሊን ደግሞ በዚያ ዘመን በፍጥነት የምታድግ ከተማ ናት። የትልቅ ከተማ ሰው ነገሩ ሁሉ ስለሚበዛበት ስሜቱን ያደነዝዛል ይላል። ቀዝቃዛ የሚመስለን ለዚህ ነው። በየመንገዱ ለሚያልፈው ሰው ሁሉ ልቡን ቢከፍት አንድ ቀን ውሎ አያድርም። ያኔ ይህን ባነብ ኖሮ የምቀበለው አይመስለኝም። ተናድጃለሁና።

ቢሆንም በዚያው በንዴቱ ወቅት ከተማዋ ሳላስበው መገጣጠም ጀመረች። በመጀመሪያው ጉዞ የማውቃት በባቡር ካርታዋ ብቻ ነበር። ያ ዝነኛ ካርታ የሃሪ ቤክ ሥራ ነው። ቤክ በ1931 ነደፈው፣ በ1933 ታትሞ ወጣ። መስመሮቹን ቀጥ አደረጋቸው፣ መታጠፊያዎቹን አስተካከላቸው፣ ትክክለኛውን ርቀት ከቁጥር አላስገባውም። ባቡር ለሚቀይር ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። በእግሩ ለሚሄድ ግን ካርታው ሌላ ከተማ ነው የሚያሳየው። ሌስተር ስኩዌርና ኮቨንት ጋርደን በካርታው ላይ እንደማንኛውም ሁለት ጣቢያ ተራርቀው ይታያሉ። በባቡር መንገዱ መሃላቸው ያለው ርቀት ግን 260 ሜትር ገደማ ነው። ኮቨንት ጋርደን ሲደርሱ ደግሞ ወይ አሳንሰር መጠበቅ ነው፣ ወይ 193 ደረጃ መውጣት።

አንድ ቀን ሰልፉን ሳይ ተውኩትና ከሌስተር ስኩዌር በእግሬ ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ታጥፌ ብዙም ሳልቆይ ኮቨንት ጋርደን ደረስኩ። መንገዱ ላይ ቆሜ ግራና ቀኝ አየሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለቱ ቦታዎች ለእኔ ሁለት የተለያዩ አገሮች ነበሩ። አሁን ጎረቤት ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ባቡሩን እየቀነስኩ እግሬን አበዛሁ። ቁርጥራጩ ለንደን ቀስ በቀስ እየተሰፋ ሄደ።

## 24 ቁጥር

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ኅዳር ነበር። ለንደን በዚያ ወቅት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ትጨልማለች። የሄድኩበት ሥራ ካሰብኩት ቀድሞ አለቀ፤ ከሰዓት በኋላዬ ባዶ ሆነ። ምን ልይ ብዬ አሰብኩ። የሚመጣልኝ ነገር የለም። ሙዚየሞቹን አይቻቸዋለሁ። ድልድዮቹን ተሻግሬያቸዋለሁ። ሱቅ መግባት አላሰኘኝም። ትራፋልጋር አደባባይ አጠገብ ካፊያ እየመታኝ ቆምኩና ለራሴ «ሰለቸኝ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ለንደን ውስጥ ቆሞ «ሰለቸኝ» ማለት! ያ ሳላያት የናፈቅኳት ልጅነቴ ይህን ቢሰማ ምን ይለኝ ነበር?

ካፊያውን ለመሸሽ መጀመሪያ የመጣው አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። 24 ቁጥር ነበር። ከፒምሊኮ ተነስቶ በመሃል ከተማ አቋርጦ ወደ ሃምፕስቴድ ይሄዳል። መስመሩ ከ1912 ጀምሮ እምብዛም እንዳልተለወጠ ያወቅኩት ኋላ ነው። ላይኛው ፎቅ ወጥቼ ከግራ በኩል መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። መስታወቱ በትንፋሽ ደፍርሷል። ከእኔ በፊት የተቀመጠ ሰው በጣቱ የድመት ፊት ሥሎበት ወርዷል፤ ከአንዱ ጆሮዋ ውሃ ይንጠባጠባል። በድመቷ ፊት ውስጥ የመኪኖቹ ቀይ መብራት ይታያል። እርጥብ ካፖርት ይሸታል። የተቀዳው የሴት ድምፅ ፌርማታዎቹን ይጠራል። ሌስተር ስኩዌር። ቶተንሃም ኮርት ሮድ። ጉጅ ስትሪት። ዋረን ስትሪት። ካምደን ታውን መድረሳችንን አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

የሆነ ሰው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ስነቃ እናቴን የሚያክሉ ሴት አጠገቤ ቆመዋል፤ በአንድ እጃቸው ዘንጉን ይዘዋል። «መጨረሻው ነው» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ደረጃውን መውረድ ጀመሩ። ፎቁ ላይ ማንም አልነበረም። ግንባሬ መስታወቱን ተደግፎ ስለነበር ቀዝቅዟል። ቦርሳዬ ወለሉ ላይ እግሬ ሥር ተጋድሟል። ዚፑ እስከ ግማሽ ክፍት ነው። ፓስፖርቴ ውስጡ ነው። ሁሉም እንዳለ ነው።

ወርጄ መንገዱ ላይ ቆምኩ። ቦታውን አላውቀውም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስልኬን አውጥቼ ካርታ ላይ እንቆራጠጥ ነበር። አሁን ግን ልቤ እንኳ አልደነገጠም። መንገዱን ተሻግሬ በመጣሁበት አውቶቡስ ለመመለስ ቆምኩ። እየጠበቅኩ ሳለ ነው ነገሩ የገባኝ። ለንደን ውስጥ፣ በሕዝብ መሃል፣ ቦርሳዬን ከፍቼ እንቅልፍ ወስዶኛል።

ደክሞኝ ነው እንዳልል፣ በመጀመሪያው ጉዞ ከዚህ የባሰ ደክሞኛል። ያኔ ግን ባቡር ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ አላውቅም። ሆቴል ክፍሌ ውስጥ በሩን ቆልፌ እንኳ እንቅልፌ የተቆራረጠ ነበር። ይህ የእኔ ብቻ ጠባይ አይደለም። በ2016 የአሜሪካው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባዲስ ቦታ የሚያድሩ ሰዎችን አንጎል ተከታትለው ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት የአንጎላቸው ግራ ክፍል እንደ ቀኙ አጥብቆ አይተኛም። ለድምፅ ቶሎ ይነቃል። ግማሹ ተኝቶ ግማሹ ይጠብቃል ማለት ነው። በሌላ ቀን እዚያው ቦታ ሲያድሩ ግን ልዩነቱ ጠፋ። እኔ ውስጥ ያለው ጠባቂም ያን ቀን 24 ቁጥር ላይ ተራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሄዷል። ማን እንዳሰናበተው አላውቅም። እኔ አላሰናበትኩትም።

## መሰልቸት በር ነው ወይ?

እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን በ1777 ለንደን የሰለቸው ሰው ሕይወት የሰለቸው ነው ብሏል። ለንደን ሕይወት ሊሰጥ የሚችለውን ሁሉ ይዛለችና። ይህን አባባል የማይጠቅስ የከተማዋ ወዳጅ የለም። እኔም ለዓመታት አምኜው ነበር። ካፊያው ውስጥ «ሰለቸኝ» ስል የደነገጥኩትም በእሱ ምክንያት ይመስለኛል። አሁን ግን አልስማማም። የሰለቸኝ መታየት ያለበትን ነገር ማሳደድ ነው። ማሳደዱ ሲያልቅ ነው አርፌ የተቀመጥኩት። አርፌ ስቀመጥ ደግሞ ከተማዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልጠየቀችኝም። አድንቀኝ አላለችም። ፎቶ አንሳኝ አላለችም። ለሚኖርባት ሰው የምታደርገውን አደረገችልኝ፤ ተሸክማኝ ሄደች።

ስለ ዝምታውም ያን ቀን ነው የተረዳሁት። ስታንሊ ሚልግራም በ1972 ስለ «የሚታወቁ የማይታወቁ ሰዎች» ጽፏል። በየጠዋቱ አንድ ባቡር ጣቢያ የሚቆሙ ሰዎች ናቸው። ለዓመታት ይተያያሉ፤ ሰላም ተባብለው ግን አያውቁም። እነዚያው ሰዎች ሌላ አገር ቢገናኙ እንደ ጥንት ወዳጅ ሰላም ሊባባሉ ይችላሉ። ዝምታቸው ውስጥ ስምምነት አለ፤ አንተ አትረብሸኝ፣ እኔም አልረብሽህም የሚል። እኚያ ሴት ያን ሁሉ መንገድ አይተውኛል። መተኛቴን አውቀዋል። መንቃት ያለብኝ ቦታ እስክደርስ ድረስ ትተውኛል። ስደርስ ደግሞ ሳይቀሰቅሱኝ አልወረዱም። እኔ ቅዝቃዜ ያልኩት ነገር ይህን ያህል ጥንቃቄ ነበረበት። መጀመሪያ ጨዋነት፣ ቀጥሎ ቅዝቃዜ ያልኩት ያው ዝምታ ነው እንቅልፍ የፈቀደልኝ።

አእምሮ ቦታን የሚለምድበት መንገድ የተጠናው ደግሞ እዚያው ለንደን ነው፤ አውቶቡሱ ከሚያልፍበት መንገድ ብዙም ሳይርቅ። ጆን ኦኪፍ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪ ነው። በ1971 የአይጥ አንጎል ውስጥ አይጧ አንድ የተወሰነ ቦታ ስትደርስ ብቻ የሚነቁ ሴሎች እንዳሉ አሳየ። በ2014 ከማይ-ብሪትና ከኤድቫርድ ሞዘር ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ኤሊኖር ማግዋየር በ2000 የለንደን ታክሲ ነጂዎችን አንጎል አጠናች። ጥቁሩን ታክሲ ለመንዳት ከቻሪንግ ክሮስ ዙሪያ ያሉ 25,000 ያህል መንገዶችን ማወቅ ግድ ነው። የነጂዎቹ አንጎል ለቦታ ትውስታ የሚያገለግለው ክፍል ከኋላ በኩል ከሌላው ሰው የገዘፈ ሆኖ ተገኘ። እኔ ከእነሱ ዕውቀት ሽራፊው የለኝም። ግን የጥናቱ ነገር ልቤን ይነካዋል። ከተማ እየተመላለሰ ሰው ውስጥ ቦታ ይይዛል ማለት ነው፤ በአንጎል ውስጥ ቃል በቃል ቦታ ይይዛል።

ሮበርት ዛዮንክ የተባለው የሥነ ልቦና ሰው ደግሞ በ1968 ሰው ደጋግሞ ያየውን ነገር ይወዳል ብሎ አሳይቷል። ትርጉም የሌላቸው ቃላትና ምልክቶች እንኳ ሲደጋገሙ ይወደዳሉ። ይህ ለእኔ ግማሹን ነው የሚመልስልኝ። ምልክት ሰውን አይገፋም፣ አያስረፍድም፣ አያናድድም። ከተማ ያናድዳል። እኔ ወደ መውደዱ የደረስኩት በንዴቱ በኩል አልፌ ነው። ንዴቱ ባይኖር መቅረቡም የሚመጣ አይመስለኝም፤ ሰው የሚናደደው የእኔ ነው በሚለው ነገር ነውና።

## ሲለመድ የሚጠፋው

ሁሉ ጥቅም ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። ያ ከደረጃው ወጥቶ ቀና ብሎ ብቻውን የሚስቅ ሰው ዳግም አይመጣም። ዛሬ በቢግ ቤን ሥር ሳልፍ አንዳንዴ ቀና አልልም። የመጀመሪያውን ዓይን መልሶ ማግኘት አይቻልም። ይህ ያሳዝነኛል። አንዳንዴ ከተማ ውስጥ አፉን ከፍቶ የቆመ እንግዳ ሳይ እቀናበታለሁ።

ማማው ከመወጣጫው ከተፈታ በኋላ ሄጄ ሳየው ግን ቀጥ አልኩ። ዘንጎቹ ሰማያዊ ሆነዋል። አዳሾቹ የቀለሙን ንብርብር ሲመረምሩ የጥንቱ ቀለም ሰማያዊ እንደነበረ አገኙ። ጥቁሩ በኋላ የተቀባ ነው። እኔ ከመጀመሪያው ጉዞዬ ጀምሮ እውነተኛዋ ለንደን ያቺ ጥቁር ዘንግ ያላት ናት ብዬ ነበር። ለካ እሷም በመሃል የመጣች ናት። ይህን ለማወቅ ሁለቱንም ማየት ያስፈልግ ነበር። ጥቁሩን ሳያይ ሰማያዊውን የሚያይ ሰው «ቆንጆ ሰዓት ነው» ብሎ ያልፋል። ቶተንሃም ኮርት ሮድም እንዲሁ ነው። ለዓመታት በግንባታ አጥር ታጥሮ እየዞርኩ ነበር የማልፈው። ግንቦት 2022 የኤልዛቤት የባቡር መስመር ሲከፈት አጥሩ ምን ይሠራ እንደነበር ታየ። እየተመላለስኩ የምለወጠው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ከተማዋም በበኩሏ ትለወጣለች። ሁለታችንም ተለውጠን ነው በየጊዜው የምንገናኘው።

ሌላው ዋጋ ሐዘን ነው። ሚያዝያ 15 ቀን 2019 የፓሪሱ ኖትርዳም ሲቃጠል በቴሌቪዥን አየሁት። ፓሪስን በተለያየ ጊዜ አይቻታለሁ፤ እንደ ለንደን ግን አልቀረበችኝም። እንዲያውም በሄድኩ ቁጥር ፍቅሩ እየቀዘቀዘ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሁሉም ከተማ እየቆየ ይሞቃል ማለት አይደለም። ሆኖም ያ ረጅም ሹል ጣሪያ በእሳቱ ውስጥ ሲወድቅ ሳይ እንባዬ መጣ። ከወንዙ ማዶ ታጥፌ የማየው ነበር። የትኛው መታጠፊያ ላይ ብቅ እንደሚል አውቃለሁ። አጠገቤ አብረውኝ የሚያዩ ሰዎች አዘኑ፤ ለትልቅ ሕንጻ፣ ለታሪክ አዘኑ። የእኔ ሐዘን ግን ለዚያች መታጠፊያ ነበር። ካቴድራሉ ታኅሣሥ 2024 እንደገና ተከፍቷል። ገና አልሄድኩም። የቀዘቀዘው ፍቅር ምን እንደሚሆን ማየት እፈልጋለሁ።

## ያልደገምኳት ከተማ

ካይሮን አይቻታለሁ፤ ደግሜ ግን አልሄድኩም። አልወደድኳትም ነበር። ታህሪር አደባባይ አጠገብ መንገድ ለመሻገር ቆሜ መኪናው አላቋርጥ ብሎኝ የተሰማኝን አስታውሳለሁ። አንድ ሽማግሌ መኪኖቹ መሃል ዝም ብለው ገቡ። መኪኖቹ በግራ በቀኛቸው እየተጠማዘዙ አለፉ። እሳቸው አንዴም አልሮጡም፣ አንዴም ቀና ብለው አላዩም። እኔ እዚያው ቀረሁ። የጥሩምባው ድምፅ ሆቴሌ ድረስ ተከተለኝ። ስመለስ «ካይሮ አትመችም» ብዬ ለብዙ ሰው ተናግሬያለሁ።

ያ የመጀመሪያ ቀን ፍርድ ነው። ስለ ለንደን ጸጥታ የሰጠሁት የመጀመሪያ ፍርድ ምን እንደሆነ አይቻለሁ፤ ሁለተኛውም አልቆየም። ስለዚህ በካይሮ ላይ የተናገርኩትን አሁን አላምነውም። የሽማግሌውን አካሄድ አስባለሁ። እሳቸው የሚያውቁት፣ እኔ ያላወቅኩት አንድ ስምምነት በእሳቸውና በነጂዎቹ መካከል ነበረ። ባቡር ውስጥ ዝም ብለው በቆሙት ሰዎች መካከል እንዳለው ያለ። እሱን ለማወቅ መመላለስ ሊኖርብኝ ነው። ሁለተኛው ጉዞ እንደሚያናድደኝም ከአሁኑ እጠብቃለሁ።

ለዚያ ጉዞ የሚታዩ ቦታዎች ዝርዝር አልሠራሁም። ያሰብኩት እዚያው ታህሪር አጠገብ ማደር ነው። ጠዋት ጠዋት መሻገሪያው ላይ ቆሜ የሚሻገሩትን አያለሁ፤ ካለማመዱኝም ከኋላቸው እከተላለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሜትሮ ልይዝ ነው። የካይሮ ሜትሮ በ1987 የተከፈተ፣ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። አንደኛው መስመር ወደ ደቡብ እስከ ሄልዋን ይሄዳል። ሄልዋን ምን እንዳለ አላነበብኩም፤ ማንበብም አልፈልግም። እስከ መጨረሻው ሄጄ፣ ወርጄ፣ መንገዱን ተሻግሬ እመለሳለሁ።